ከኡኬ ሬዲዮ የወጡ ሁለት ትራንዚስተሮች

ነቀምቴ ውስጥ የፊዚክስ መምህር መሆን ማለት የሰፈሩ የሬዲዮ፣ የካልኩሌተር፣ የቻርጀርና የፀሐይ መብራት ሐኪም መሆን ማለት ነው። ትችላለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅህ የለም፤ በፌስታል ጠቅልለው ይዘውልህ ይመጣሉ። እኔም እምቢ ብዬ አላውቅም። ደግነት እንዳይመስላችሁ። «አልችልም» የምትለዋ ቃል ከጉሮሮዬ አትወጣም፣ ነገሩ ይኼው ነው። በዚያ ላይ ችኩል ነኝ። ደሴ ያለችው እናቴ ስትደውል ሰላምታዋን የምትጀምረው «ዛሬስ ምን ሰበርክ?» ብላ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ላብራቶሪ ሳላቃጥል ማስተማሬን እንደ ትልቅ ነገር ነው የምታየው።

ትምህርት ቤታችን ሒሳብ የምታስተምር አንዲት ባልደረባ አለችኝ። በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር ከእናትና ከአባቷ ጋር ትኖራለች፣ ጊታርም ትጫወታለች። የካቲት ውስጥ አንድ ቀን መምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ የፈተና ወረቀት ሳርም መጣችና «አባቴ ፔዳሉ ታሞበታል፤ እስቲ እየው» አለችኝ። «የብስክሌት?» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም።

አባቷ በወጣትነታቸው በአንድ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ጊታር ይመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሠላሳ ዓመት ያህል የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ጊታሪስት ናቸው። መዘምራኑ እስከ ዛሬ የሚዘምሯቸውን አሮጌ መዝሙሮች የደረሱት እሳቸው ናቸው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር፤ እሑድ እሑድ በዚያ ሳልፍ ግን ያ ጊታር ሲነሳ እግሬን ይይዘኛል። ድምፁ ልዩ ነው። ጉሮሮው የጎረነነ ሰው ከልቡ ሲዘምር የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነው። ያን ድምፅ የሚሰጠው ፔዳሉ መሆኑን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ፔዳሉን እቤታቸው ሄጄ አየሁት። የሳሙና ማስቀመጫ የሚያህል የብረት ሣጥን ነው፤ በጊታሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል ይገባል፣ በእግር ረገጥ ሲያደርጉት የጊታሩን ለስላሳ ድምፅ ያሻክረዋል። ከድሮ ዘመን የመጣ ነው። አንድ የውጭ አገር መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ለእሳቸው ጥሎላቸው እንደሄደ ነገሩኝ። ሽማግሌው ሲረግጡት ጫማቸውን ያወልቃሉ። ከእሳቸው በቀር የረገጠው ሰው የለም፣ ልጃቸውም ጭምር።

«አካም ጅርታ በርሲሳ?» አሉኝ ገና ስገባ። በርሲሳ ማለት መምህር ማለት ነው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም።

«ነጋ፣ ጋሼ። እርስዎ እንዴት ነዎት?»

«እኔ ደህና ነኝ። እሱ ነው ያመመው። ሲጀመር ደህና ነው፤ ሦስተኛው አራተኛው መዝሙር ላይ ሲደርስ ይተናነቀዋል፣ ከዚያ ዝም ይላል። በማግሥቱ ስትሞክረው ምንም አልነካውም። ስንፍና ይመስላል።»

ከዚያ የግራ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሁለት ጣቶቻቸው መደንዘዝ ጀምረዋል። ሐኪም የነርቭ ነው፣ እየባሰ ይሄዳል ብሏቸዋል። ስለዚህ ጣቶቻቸው ጨርሰው ሳይከዷቸው አሥራ አንዱን አሮጌ መዝሙሮች ለማስቀረጽ ወስነዋል። ቀራጮቹ ሚያዝያ ውስጥ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ሁለት ወር አለ። ያለዚያ ድምፅ መዝሙሮቹ ለእሳቸው መዝሙሮቻቸው አይደሉም፤ ይህን ሳይነግሩኝም ከፊታቸው አነበብኩት።

ፔዳሉን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። «በርሲሳ፣ ሌላ የለኝም» አሉ። «ምንም አይሆንም ጋሼ፣ በሁለት ቀን አመጣለሁ» አልኳቸው። ይኼ ምላሴ።

ቤቴ ወስጄ ጠረጴዛዬ ላይ ፈታሁት። ባልደረባዬ ለሙከራ ብላ ጊታሯንና አንዲት ትንሽ አምፕሊፋየር አውሳኛለች። መጫወት አልችልም፣ ክር መምታት ግን አያቅተኝም። ፔዳሉ አንድ ሰዓት ሙሉ እንደ ጉድ ሠራ። ጤነኛ ሰው ቢሆን «እዚህ የሚሠራ ዕቃ እዚያ ለምን ይሞታል?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ግን በመፍቻ እጀታ ውስጡን መታ መታ ሳደርግ አንዷ ትራንዚስተር እግሯን ያወዛወዘች መሰለኝ። አገኘሁሽ አልኩ። ውስጡ ያለው ዋና ነገር ሁለት ትራንዚስተሮች ብቻ ናቸው፤ ሌላው አጃቢ ነው። እግሯን መልሼ መበየድ ነው፣ አለቀ።

መበየጃዬን ሰክቼ ገና ሳይግል መብራት ሄደ። ሌላ ሰው ቢሆን ነገ ይላል። እኔ ከሰል አያያዝኩና የመበየጃዬን ጫፍ ፍሙ ላይ አስቀመጥኩት፤ የድሮ ሬዲዮ ሠሪዎች እንደዚህ ሲያደርጉ አይቻለሁ። ጫፉ ቀላ። እግሯን ነካ ሳደርጋት የመበየጃው እርሳስ እንደ ውሃ ፈሰሰ፣ ሲያዩት ያምራል። ለማንኛውም ብዬ ሁለተኛዋንም ደገምኳት። ይቺ «ለማንኛውም» ናት ከሁሉ የምታናድደኝ።

እነዚህ የድሮ ትራንዚስተሮች ከጀርማኒየም የተሠሩ ናቸው። ጀርማኒየም ሙቀት አይወድም። ስትበይደው እግሩን በጉጠት ይዘህ ሙቀቱን ከሆዱ ማራቅ አለብህ። ይህን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አስተምራለሁ፤ ፈተና ላይም አውጥቼዋለሁ። መብራት ሲመጣ ጊታሩን ሰካሁ፣ ፔዳሉን ረገጥኩ። ዝም። ቴስተሬን አውጥቼ ለካሁ፤ ሁለቱም ሞተዋል። ራሴን በጥፊ ልመታ ምንም አልቀረኝም።

በማግሥቱ ባልደረባዬ ስትጠይቀኝ «አንድ ዕቃ ይቀረዋል፣ ከአዲስ አበባ አዝዣለሁ» አልኳት። ያዘዝኩት ነገር የለም። ካልኳት በኋላ ግን ደወልኩ። አንዱ ባለ ሱቅ ሳቀ፤ «ወንድሜ፣ ይኼ እኮ ሙዚየም የሚቀመጥ ነገር ነው» አለኝ። አሁን ገበያ ላይ ያለው የሲሊከን ትራንዚስተር ነው። እሱን አስገብቼ ሞከርኩት፤ ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ተርብ ይመስላል። ሽማግሌው ያን ቢሰሙ ጊታራቸውን አስቀምጠው ይወጣሉ።

የጀርማኒየም ትራንዚስተር የሚገኘው የድሮ የባትሪ ድንጋይ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ ነው። ክፍል ገብቼ «የማይሠራ የድሮ ሬዲዮ ቤቱ ያለው?» ብዬ ጠየቅኩ። አንዷ ተማሪ ኡኬ ከተማ አክስቷ ሱቅ ውስጥ አንድ እንዳለ ነገረችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ።

ሬዲዮው እውነትም ነበር። በሳሙናና በብስኩት መካከል፣ ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ፣ በነጭ ዳንቴል ተሸፍኖ ተቀምጧል። ሴትዮዋን «አካም ጅርቱ?» አልኳቸው። «ነጋ፣ ገለተ ዋቃዮ» ብለው ፈጣሪን አመሰገኑና ኦሮምኛዬ እዚያው ላይ እንዳለቀ ገብቷቸው ወደ አማርኛ ዞሩልኝ።

«ሬዲዮው ይሠራል እማማ?»

«ኧረ የት አባቱ። ዓመት አልፎታል።»

«እንግዲያው ይሽጡልኝ።»

«አይሸጥም» አሉ። «የባለቤቴ ነው። እሱ ካረፈ ወዲህ እዚያው ነው ያለው። ሰው ሲገባ ያየዋል፣ ስሙን ያነሳል።»

ነገሩን አስረዳኋቸው። ሽማግሌውን፣ ጣቶቻቸውን፣ መዝሙሮቹን። ያቃጠልኩት እኔ መሆኔን ለማያውቁኝ ሴት መናገር አልከበደኝም፤ ይኼ ራሱ ገርሞኛል። የምፈልገው ሆዱ ውስጥ ያሉትን የባቄላ ፍሬ የሚያህሉ ነገሮች ብቻ ነው አልኳቸው። አሰቡ፣ አሰቡና «እንግዲያው ሆዱን ውሰድ። ፊቱ እዚሁ ይቀመጥ» አሉ።

ባንኮኒው ላይ የዱቄት ማዳበሪያ አንጥፈውልኝ ፈታሁት። ደንበኛ ሲገባ «ቆይ፣ ኦፕሬሽን ላይ ነን» ይላሉ። ሆዱን አውጥቼ ሣጥኑን መልሼ ገጠምኩ፣ እሳቸው እንደ ሥዕል አስተካክለው አስቀመጡት፣ ዳንቴሉን አለበሱት። ምንም የሆነ አይመስልም። ስለ ዋጋው ስጠይቃቸው ገመዱ የተበጠሰ የፀሐይ መብራታቸውን አወጡ። እሱን ቀጥዬ ሰጠኋቸውና ተለያየን።

የሬዲዮው ሆድ ውስጥ ስድስት ትራንዚስተሮች ነበሩ። በዚህ ጊዜ ተማርኩ፤ እያንዳንዷን በጉጠት ይዤ፣ ቀስ ብዬ፣ መብራት በሌለበት ሰዓት አርፌ ተቀምጬ አወጣኋቸው። ስለካቸው አንድ ነገር አስተዋልኩ። በጣቴ ስይዛቸው ቁጥሩ ይዘላል፣ ስተዋቸው ይመለሳል። የጣቴ ሙቀት ይበቃቸዋል ማለት ነው። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ ከሥሩም አሰመርኩበት። ከዚያ ደብተሩን ዘጋሁት። ሰውን ምን እንደሚነካው እንጃ፤ መልሱን በገዛ እጄ ጽፌ ጥያቄውን ሳልጠይቅ ቀረሁ።

የተቃጠለውን የሰርኪት ሰሌዳ ከፊቴ አድርጌ መስመር በመስመር ገለበጥኩት። ሁለት ጥሩ ትራንዚስተሮች፣ አራት ሬዚስተር፣ ሦስት ካፓሲተር፣ ሁለት መጠምዘዣ። አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ሰክቼ ረገጥኩት። ዝም። ደሜ ፈላ። ብየዳውን ፈተሽኩ፣ ሽቦውን ፈተሽኩ፣ ጊታሩን ሰደብኩ። ሰዓታት ካለፉ በኋላ ነው የገባኝ፤ ሣጥኑን ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር አገናኝቼዋለሁ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ሳገናኝ እንደኖርኩት። በዚህ የድሮ ዕቃ ግን ሣጥኑ የሚገናኘው ከፖዘቲቩ ጋር ነው። እጄ ሳላስብ የለመደውን ሠርቷል። ሽቦውን ገልብጬ ክር መታሁ።

ድምፁ መጣ። ያ የጎረነነ ድምፅ፣ እሑድ እሑድ መንገድ ላይ የሚያቆመኝ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። ጎረቤቴ በግድግዳው በኩል «ምን አገኘህ?» አለችኝ። «ነፍሴን» አልኳት።

አዲሱን ሥራ በአሮጌው ሣጥን ውስጥ ገጠምኩት። ብሎኖቹ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ጭረቱ ያው። ወስጄ ሰጠኋቸው። ሽማግሌው ጫማቸውን አወለቁ፣ ረገጡት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ረጅም ኖታ ያዙ። «ድኗል» አሉ። እኔ አንገቴን ነቀነቅኩ። ልነግራቸው የሚገባኝ ያኔ ነበር። ምላሴ እምቢ አለኝ። ከቀረጻው በኋላ እነግራቸዋለሁ፣ አሁን ልባቸው እንዳይሸበር ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱ ግን ማፈሬ ነው።

የሚቀጥለው ሰኞ ባልደረባዬ መምህራን ክፍል ገባችና ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። «ትናንት አራተኛው መዝሙር ላይ ዝም አለ» አለች።

ፔዳሉን መልሼ ወሰድኩት። ጠረጴዛዬ ላይ ግማሽ ቀን ሠራ። የገመዱን መሰኪያ ቀየርኩ፣ ባትሪውን ቀየርኩ፣ ብየዳዎቹን በሙሉ አደስኩ። መለስኩላቸው። እሑድ ሦስተኛው መዝሙር ላይ ሞተ። አሁንም ወሰድኩት፣ አሁንም ቤቴ ጤነኛ ነው። መብራት ኃይልን ጠረጠርኩ፤ ግን በባትሪ ነው የሚሠራው። ገመዱን ጠረጠርኩ፣ ቀየርኩት። በመጨረሻ ሽማግሌውን ራሳቸውን መጠርጠር ጀምሬ ነበር።

«መዘምራኑ ጸለዩበት» አለችኝ ባልደረባዬ በሦስተኛው ሰኞ።

«እና?»

«አንድ መዝሙር ጨመረ።»

ይህን ስትል ፊቷ ላይ ሳቅ ነበር፤ ወዲያው ጠፋ። ለቀረጻው አሥር ቀን ቀርቷል። አባቷ ጣቶቻቸውን በሞቀ ውሃ እየነከሩ ነው የሚያድሩት አለችኝ። «ካልሆነ ይቅር ብሏል። እንዲህ ተሰባብሮ ከሚቀረጽ ባይቀረጽ ይሻላል አለ።»

ቅዳሜ ልምምዳቸው ላይ ራሴ ለመገኘት ወሰንኩ። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። «ወንድም፣ እንኳን ደህና መጣህ፣ ተባረክ» እያሉ እጄን ጨበጡኝ። ኋላ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። የመጀመሪያው መዝሙር ተጀመረ፣ ፔዳሉ እንደ ጉድ ሠራ። አለቀ። መዘምራኑ ስለ ሁለተኛው ድምፅ መከራከር ጀመሩ።

ያኔ የሽማግሌው ባለቤት ከፊት ወንበር ተነሱ። ጎንበስ ብለው ፔዳሉን ከወለሉ ላይ፣ ገመዱ እንደተሰካ፣ በሁለት እጃቸው አነሱት። አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። አምፕሊፋየሩ ላይ አስቀመጡት። ከዚያም በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል አለበሱት። ክርክሩ ብዙ ደቂቃ ፈጀ። ሁለተኛው መዝሙር ሊጀመር ሲል ዳንቴሉን ገልጠው ፔዳሉን መልሰው ከባለቤታቸው እግር ሥር አኖሩት፣ ሽማግሌውም ሳያዩ እግራቸውን ዘረጉ። ሁለቱም ይህን ሺህ ጊዜ ያደረጉት መሆኑ ያስታውቃል። ሁለተኛው መዝሙር ሲያልቅም እንዲሁ አደረጉ።

ሦስተኛው ላይ ድምፁ መተናነቅ ጀመረ። ሁሉም አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ተነስቼ ወደ ፊት እየሄድኩ ነበር። እጄን አምፕሊፋየሩ አናት ላይ አሳረፍኩ፤ ማቆየት አልቻልኩም። ውስጡ እንደ አምፖል የሚግሉ ቱቦዎች ያሉት ዓይነት ነው፣ ሙቀቱ በአናቱ በኩል ባለው ወንፊት ይወጣል። ፔዳሉን ከወለሉ አነሳሁት። ብረቱ አሁን ከድስት የወጣ እንቁላል ያህል ይሞቃል። የጣቴ ሙቀት የሚያዘልላቸውን ትራንዚስተሮች በየመዝሙሩ መካከል እየቀቀልናቸው ነው ማለት ነው፣ ከላይ ደግሞ ሸፍነን።

«ይኼ አምፕሊፋየር መቼ ነው የመጣው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ለገና» አሉ ሽማግሌው። «ውጭ ያለ ወንድም ነው የላከልን። በፊት ትንሿ ነበረች።»

«ትንሿ ትሞቅ ነበር?»

«የለም።»

«ፔዳሉስ መታመም የጀመረው መቼ ነው?»

አሰቡ። «ከገና ወዲህ ነው» አሉ።

ልቤ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ሆነ። በአንድ በኩል ከላዬ ላይ የጤፍ ኩንታል የወረደ ያህል ቀለለኝ፤ የሠራሁት ነገር ደህና ነው፣ ቀረጻው ይሆናል። በሌላ በኩል ግን አንድ ነገር ገባኝ። የመጀመሪያው ፔዳልም አልታመመም ነበር። ጤነኛውን ዕቃ ነው አልጋ ላይ አስተኝቼ የገደልኩት።

ፔዳሉን ወለሉ ላይ አንድ ደብተር አንጥፌ አስቀመጥኩትና ትንሽ ጠበቅን። ሲቀዘቅዝ ሽማግሌው ረገጡት። ድምፁ ተመለሰ። «እዚሁ ይቆይ፣ ማንም አያንሳው» አልኩ፤ አራት መዝሙር በተከታታይ ዘመሩ፣ አንዴም አልተናነቀውም። መዘምራኑ «ጌታ ይመስገን» ተባባሉ። ባልደረባዬ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች።

እናቷ ግን አልተደሰቱም። ዳንቴሉን በእጃቸው ጨብጠው ወደ እኔ መጡ።

«ኢልመ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «እኔ ነኝ እንዴ ያበላሸሁት? እኔ እኮ ጫማ መሃል አይቀመጥ ብዬ ነው። እግዚአብሔር የሚመሰገንበት ዕቃ አቧራ ላይ አይጣል ብዬ ነው።»

ወደ ባለቤታቸው ቀና ብለው ማየት አቅቷቸዋል። ያን ፊት እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሠላሳ ዓመት ዕቃውን በነጠላቸው ሲጠርጉ የኖሩ ሴት የኔን ጥፋት ተሸክመው ሊሄዱ ነው።

«አይደሉም እማማ» አልኳቸው። «እርስዎ ያደረጉት ማሞቅ ብቻ ነው፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። «ጋሼ፣ የእርስዎን ፔዳል አቃጥዬዋለሁ። በየካቲት፣ ገና በወሰድኩት ቀን። መብራት ሲጠፋ በከሰል ልበይደው ብዬ። ምንም አልነካውም ነበር፣ ጤነኛ ነበር። ደብቄዎታለሁ።»

ሽማግሌው ወደ እግራቸው ሥር አዩ።

«ይኼስ?»

«ሣጥኑ የእርስዎ ነው። ውስጡን እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«ከምን?»

«ከአሮጌ ሬዲዮ። ኡኬ ነው ያገኘሁት።»

አንዴ ረገጡት፣ ክር መቱ፣ አዳመጡ፣ አጠፉት። ስድብ እየጠበቅኩ ነበር፤ ቢሰድቡኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ሌላ መሥራት ትችላለህ?» አሉኝ።

ጥያቄው አልገባኝም። «እንዴት?»

«ሌላ። እንደዚህ ያለ።»

«እችላለሁ። ከሬዲዮው አራት ትራንዚስተር ተርፎኛል። ሁለት ፔዳል ያወጣሉ።»

«ሁለት» አሉ። ከዚያ ሳቁ። የቀለደ ሰው የለም፤ ግን ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፣ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና መናገር ጀመሩ። አርጆ ያሉ መዘምራን ስንት ጊዜ ጋብዘዋቸው እምቢ እንዳሉ፤ መንገዱ ያንገጫግጨዋል፣ አንድ ነገር ይፈታበታል ብለው። ሰው ቤት ሲያድሩ ትራስ ሥር ይዘውት እንደሚተኙ። ልጃቸው በአሥራ አራት ዓመቷ አንድ ጊዜ ልርገጠው ብላ ስትለምናቸው ተቆጥተው እንዳስለቀሷት፣ ከዚያ ወዲህ ጠይቃቸው እንደማታውቅ። ባልደረባዬ ይህ ሲወራ ጣሪያውን እያየች ነበር።

በዚያ ቀን የተቆጣኝ ሰው የለም። እናትየው ብቻ ስወጣ ክንዴን ያዙኝና «ሁለተኛ በከሰል እንዳትሠራ» አሉኝ። እንደማልሠራ ማልኩላቸው።

ቀራጮቹ በቀጠሮው መጡ። አምፕሊፋየሩን ከግድግዳው ጥግ አደረግነው፣ ፔዳሉን ከእሱ ሦስት ክንድ አራቅነው፣ ከሥሩ ንጹሕ ጣውላ አኖርንለት፤ በዚህ እናትየውም ተስማሙ። ሽማግሌው የመጀመሪያዎቹን አምስት መዝሙሮች መቱ። ፔዳሉ አንዴም ዝም አላለም። ስድስተኛው ላይ ግን ረጅሙ ኖታ ጋ ሲደርሱ ሁለቱ ጣቶቻቸው ክሩን አልያዙም አሉ። እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና አመለጣቸው። ሦስተኛ ጊዜ ሞከሩ። ቀራጩ ልጅ ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ጠበቀ።

ሽማግሌው የጊታሩን ማንጠልጠያ ከአንገታቸው አወጡ። መዘምራኑ መሃል ወደ ቆመችው ልጃቸው ዘረጉት። «ነይ፣ ያዢ» አሏት።

ልጅቷ ጊታሩን ተቀበለችና ቆመች። ያን መዝሙር ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፣ እቤቷ በራሷ ጊታር ስትመታው ኖራለች። የቆመችው በዚያ ምክንያት አይደለም። ጣውላው ላይ ያለውን ሣጥን እያየች ነው። ጎንበስ ብላ ጫማዋን መፍታት ጀመረች።

«ተዪው» አሏት። «በጫማሽ ርገጪው።»

«ቢበላሽብኝስ?»

በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «ይሠራዋል» አሉ።

ረገጠችው። ስድስተኛውን መዝሙር ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ያን ረጅም ኖታ ሳይቀር፣ አንድ ጊዜ ብቻ መታችውና ቀራጩ እጁን አነሳ፤ ተቀርጿል ማለቱ ነው። ሰባተኛውንም ቀጠለች። ሽማግሌው አጠገቤ አግዳሚው ወንበር ላይ መጥተው ተቀምጠዋል። የደነዘዙ ጣቶቻቸውን በሌላኛው እጃቸው ይዘው፣ ልጃቸውን እያዩ፣ ከንፈራቸው ግጥሙን ያለ ድምፅ ይከተላል። በሁለቱ መዝሙሮች መካከል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«በርሲሳ» አሉኝ፣ «እንኳን አቃጠልከው።»